የጎረቤት እጣቢ ደጄ ላይ ሲተኛ ለማን አቤት ልበል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ተዳፋት ሰፈር ነው። ከበላዬ ያለው ምግብ ቤት የሽንኩርት ልጣጭና ቅባት የተንሳፈፈበትን እጣቢ ወደ ጎርፍ መውረጃው ስለሚደፋ፣ ቦዩ በተደፈነ ቁጥር ፍሳሹ በአጥሬ ሥር ሾልኮ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ ላይ ይተኛል። ባለቤቱን ሁለት ጊዜ በሽማግሌ አነጋግሬ፣ «እሺ» ከማለት በቀር ያደረጉልኝ ነገር የለም። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ 1፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225፣ ባለንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ይሁንና ፍርድ ቤት ጊዜ ስለሚፈጅ፣ አስቀድመው ለቀበሌው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ ግን አይመለሱ። የቃል አቤቱታ እንደ ደሴ ጉም ነው፣ ረፋድ ላይ የለም።

መልስ 2፦ ፎቶግራፍ ከነቀኑ ይያዙ። በማመልከቻው ላይም ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 ይጥቀሱ። ደግሞም የከተማችን ፍሳሽ ማረፊያው ቦርከና ነው፤ ወንዙ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚዘልቅ ጉዳቱ በእርስዎ ደጅ አያበቃም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ማመልከቻውን ሰኞ ጠዋት አስገባለሁ።