ዳክ ከሆም ቴአትር አምፕ ጋር እንዴት ይያያዛል? ፊልም ላይ ድምፅ እምቢ አለኝ

የልደታዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ቤት የቆየ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር ያለው) ሆም ቴአትር አለን፣ የዲሹን ሪሲቨር ሳይሆን ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን ትልቁን አምፕ ነው የምለው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የምትቀይር ትንሽዬ ዳክ አመጣልኝ እና ከቲቪው በኦፕቲካል ወደ ዳኳ፣ ከዳኳ በቀይና ነጩ ጃክ ወደ አምፑ ሰካሁት። ዩትዩብ ላይ ዘፈን ይሰማል፣ ፊልም ስከፍት ግን ወይ ጭጭ ነው ወይ ሽሽሽ ብቻ። ሳብዉፈሩም፣ የባሱ ስፒከር፣ ዝም ብሏል። አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት ጥላሁንን ሳይሰማ አይውልምና እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ።

የአራዳ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ ዕቃው አልተበላሸም። ፊልሙ ድምፁን በዶልቢ፣ ማለት ለብዙ ስፒከር የሚሆነውን ድምፅ አምቆ፣ ነው የሚልከው፣ እንደዚህ አይነት ዳኮች ደግሞ የሚያነቡት ተራውን፣ ያልታመቀውን ስቴሪዮ ፒሲኤም ብቻ ነው። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ሳውንድ ግቢና ዲጂታል አውትፑት የሚለውን ከአውቶ ወይ ከቢትስትሪም (የታመቀውን ድምፅ ሳይፈታ እንዳለ የሚልከው) አውጥተሽ ፒሲኤም አድርጊው፣ ይሰማል።

ጋሽ ሬዲዮ፦
ልጄ፣ እሱ ያለሽ ልክ ነው፣ ግን እንደዛ ካደረግሽው በኦፕቲካሉ የሚያልፈው ሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ የኋላ ስፒከሮችሽ ትርፍ ዕቃ ሆነው ይቀራሉ፣ ያሳዝናል። አምፑ ውስጥ የራሱ ዳክ አለ፣ ዶልቢም ይፈታል። ጀርባው ላይ ኦፕቲካል የሚል ቀዳዳ ካለው ቲቪውን በቀጥታ እዛ ሰክተሽ ቢትስትሪም ላይ ተዪው። ዳኳን ለአባትሽ ዘፈን አድርጊያት፣ ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ወደ ዳክ፣ ከዳክ በቀይና ነጩ ሲዲ ወይም ኦክስ የሚለው ላይ። ፎኖ የሚለው ላይ እንዳትሰኪ አደራ! እሱ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው፣ የሸክላ መርፌ የምትሰጠው ሲግናል በጣም ደካማ ስለሆነ መቶ እጥፍ ገደማ ያጎላዋል፣ ባሱንም ከፍ ያደርገዋል፣ ዳክ ደግሞ እስከ 2 ቮልት ስለሚሰጥ ድምፁ ይቀደዳል።

የልደታዋ፦
እሺ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቀዳዳው አለ፣ ግን ሁለተኛ ኬብል ገዝቼ አልገባ አለኝ፣ እንዳልሰብረው ፈራሁ።

የአራዳ ልጅ፦
ጫፉን እዪው፣ አዲስ ኬብል ላይ መስታወቷን የሚጠብቅ ትንሽ ፕላስቲክ ክዳን አለ፣ ብዙ ጊዜ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይታይም፣ እሱን ንቀይ። ከዛ ጃኩ በአንድ በኩል ሁለት ማዕዘኑ የተቆረጠ ነው፣ ከቀዳዳው ቅርፅ ጋር አስተያይተሽ ቀስ ብለሽ ግፊው፣ ቀጭ ይላል። ከቲቪው ጀርባ ስታሳልፊው ደግሞ አትጠፊው ውስጡ ይሰበራል።

ባስ ወዳድ፦
ሳብዉፈሩን ማንም አልመለሰላትም እኮ። አምፑ ዳይሬክት ወይም ፒዩር ዳይሬክት (ድምፁን ሳይነካ የሚያሳልፍበት ሞድ) ላይ ሆኖ ይሆናል፣ ብዙዎቹ በዛ ሞድ ለሁለት ቻናል ዘፈን ወደ ሳብ አይልኩም። ስቴሪዮ የሚለውን ምረጪ። ልክ ነው ስቴሪዮ ስታደርጊው ብዙ አምፕ ከዳኩ የመጣውን መልሶ ዲጂታል አድርጎ ነው የሚያልፈው፣ የዳኩ ጥቅም ይቀንሳል፣ እኔ ግን ስፒከሮችሽ ትናንሽ ከሆኑ ባስ ከሚቀር እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

የልደታዋ፦
ተባረኩ ፊልሙ ከኋላም ከፊትም ይጮሃል ሳቡም መጣ!! አሁን የቀረችው ላፕቶፑ ሲሰካ ከስር ዝዝዝ የምትል ድምፅ አለች፣ ዘፈኑ ዝቅ ሲል ትሰማለች።

ጋሽ ሬዲዮ፦
የግራውንድ ችግር ነው ልጄ፣ የተያያዙት ዕቃዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ እንዲህ ይላሉ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀይና በባትሪ አጫውቺ፣ ከጠፋ ጥፋቱ እዛ ነው፣ ላፕቶፑንም አምፑንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክተሽ ሞክሪ። ካልጠፋ ከጣራ የሚወርደውን የዲሽ ኬብል ከሪሲቨሩ ፍቺው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚያመጣው። የአምፑን ግራውንድ ለመቁረጥ ግን እንዳትሞክሪ፣ እሱ የሰው ነፍስ ነው።

የልደታዋ፦
የዲሹ ኬብል ነው ጋሼ! ስፈታው ፀጥ አለ። ዘፈን ሲሰማ እየፈታን እንቆያለን፣ ዲሹን የሰራልን ልጅ ሲመጣ ግራውንዱን እንዲያይልን እነግረዋለሁ።