የኅዳሩ የሞተር ጉዞና አዳር፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

ጸሐፊው፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ የሞተር ማኅበራችንን ደብዳቤ ይዤ ወረዳ እገባለሁ። ከዚያ በፊት የት እንደምንሄድ መስማማት አለብን። የእኔ ሐሳብ የጎፍ ተራራ ነው። ለኮምቦልቻዎቹም ለእኛም ቅርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን፣ ድንኳን ተክለን፣ እሁድ ከሰዓት እንመለሳለን። እስካሁን 12 ሞተር ተመዝግቧል። ሐሳብ ስጡበት።

የዲቲዋ (የያማሃ ዲቲ ሞተሯ) ባለቤት፣ ኮምቦልቻ፦
ይቅርታ ጸሐፊያችን፣ የጎፍ ይቅርብን። ጥብቅ ደን ነው። ጥዱና ወይራው መሃል ያለው ቀጭን መንገድም የሰውና የአህያ ነው። አምና ጥር ላይ እንዲህ ባለ መንገድ ስወጣ መታጠፊያው ላይ ከአንዲት እናት ጋር ተገጣጠምን። አህያዋ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ደንብራ ወደ ጎን ዘለለች። ጭነቱ ሸርተት አለና አንዱ ስልቻ ተቀደደ። ጤፉ አቧራው ላይ ተዘረገፈ። ሞተሬን አጥፍቼ ተንበርክኬ አብሬያቸው ስሰበስብ አንድ ሰዓት ሄደ። ሴትየዋ አልተቆጡኝም። “ልጄ፣ ጤፍ ከአሸዋ እንዴት ይለያል?” ብቻ አሉኝ። ዋጋውን ከፈልኩ፤ ነገሩ ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። መኪና የለመደው ኮሮኮንች ይሁንልን።

ወጣቱ፣ ደሴ፦
ኧረ እህቴ! ኮሮኮንች ለመንዳትማ ድንኳን ምን አስፈለገ? ቢያንስ ጦሳን እንውጣ።

ጸሐፊው፦
ጦሳ የከተማው አናት ላይ ነው። እናትህ ከደጃፍ ሆና እራት ደረሰ ብላ ትጠራሃለች።

መካኒኩ፣ ደሴ፦
ዳገት ያማረው ጉጉፍቱ ይውጣ። በወረኢሉ መንገድ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻዎች አስቡት። በሐረጎ ጠመዝማዛ ደሴ ለመድረስ ብቻ 600 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ። ዋናው ዳገት ገና ከዚያ በኋላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚለቀው ቤንዚን ይበዛል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ኮምቦልቻ ላይ እንደ ሚዳቋ የሚዘለው ሞተር እዚያ እንደ አሮጌ በቅሎ ይለግማል። ተበላሸ ብላችሁ መንገድ ላይ ካርቡራተር እንዳትፈቱብኝ! የአየር ማጣሪያችሁን አጽዱ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ትርፍ ካንዴላ ያዙ። ጎማ አታወጥሩ፤ ድንጋይ ላይ ያንጥራችኋል። በጣም ከለቀቃችሁትም ቸርኬው ከመነዳሪውን ይቆርጠዋል። ዲቲ ያላችሁ የዘይቱን ጋን እዩ። ባለፈው አንዱ ቤንዚን ሞልቶ ዘይት ረሳና ሞተሩ ነከሰበት፤ ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። ስሙን አልጠራም፤ እያነበበ ነው።

ወጣቱ፦
አንብቤያለሁ።

ገንዘብ ያዡ፣ ኮምቦልቻ፦
ጉጉፍቱን እደግፋለሁ። ቤንዚን ግን በጀሪካን እንያዝ የሚል ሐሳብ ካለ ሰርዙት። እኔ ሦስት ማደያ ዞሬ አንዱም አልቀዳልኝም። ደግሞም አያስፈልገንም። ደሴ ላይ ታንከሩን የሞላ ሰው ጉጉፍቱ ደርሶ ይመለሳል። ከማኅበሩ ካዝና የሚወጣው ለማገዶና ለጥበቃ ብቻ ይሁን። ማገዶውን ከሰፈሩ ሰው እንግዛ፤ የማንንም ዛፍ አንንካ። ጊዜው አጨዳ ነው። እሳታችን ከእህል ክምርና ከአውድማ ይራቅ።

የዲቲዋ ባለቤት፦
ብርዱንስ? በኅዳር ውርጭ ይወርዳል እኮ። የኮምቦልቻን ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ሌሊቱን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው።

ጸሐፊው፦
ምግቡንም እንነጋገር። አንድ ሰው በግ እንግዛ ብሎ ደውሎልኝ ነበር።

ገንዘብ ያዡ፦
በግ ይቅር ወንድሜ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ባይገባም እኮ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ሲባል ድስቱ ሁለት ይሆናል። ሽሮና ምስር ወጥ ይሁን። ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን።

መካኒኩ፦
ወላሂ ልክ ነህ። ቃሪያ በብዛት።

ጸሐፊው፦
እንግዲህ ረቂቁ ይኸው። ኅዳር 15 ካለፈ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ እንገናኛለን። ወደ ጉጉፍቱ የምንወጣው መኪና በሚሄድበት መንገድ ብቻ ነው። በእግር መንገድና በማሳ ውስጥ መንዳት የለም። ጭነት የያዘ ከብት ያየ ሞተሩን አጥፍቶ ያሳልፋል። ከፊት የሚመራው የደከመው ሞተር ነው፤ መካኒኩ ከኋላ ይዘጋል። ሄልሜት የሌለው አይነሳም። ድንኳን የምንተክለው የቀበሌው ሰዎች በሚያሳዩን ቦታ ነው። ወረዳውና ፖሊስ መንገዱ ሰላም ነው ካላሉን ጉዞው ይዘገያል፤ በዚህ ማንም እንዳይከራከረኝ።

ወጣቱ፦
የደከመው ሞተር ከመራንማ እሁድ ነው የምንደርሰው! እሺ፣ ይሁን። ግን እሁድ ጠዋት ሜዳ ካለ፣ ባለቤቱን ጠይቀን፣ አንድ ሰዓት ልምምድ ይግባበት።

የዲቲዋ ባለቤት፦
ባለቤቱ ከፈቀደ እኔም አለሁበት።

ጸሐፊው፦
ገብቷል። ሌላ የቀረ አለ?

መካኒኩ፦
ጀበና።

ወጣቱ፦
እኔ እይዛለሁ።

የዲቲዋ ባለቤት፦
አንተማ አትነካትም! ያለፈችውን ሐረጎ ላይ አንገቷን ሰብረህ በብርጭቆ ሻይ ስንጠጣ አድረናል። እኔ በጋቢ ጠቅልዬ አመጣታለሁ።