የሐበሻ ጽድ በሰፊ ግቢ፦ ርቀቱ፣ ጉድጓዱ፣ ውሃውና የቅጠሉ መድረቅ

ደገኛው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢው ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ አፈሩ ቀይ፣ ወደ ጓሮ በኩል ትንሽ ያዘቀዝቃል። ጓሮው ላይ ጥቂት የሐበሻ ጽድ መትከል እፈልጋለሁ። ለአጥር አይደለም፤ እንደ ልቡ ተለቆ ሙሉ ቁመቱን እንዲያገኝ ነው። ችግኞቹ በፕላስቲክ ያሉ፣ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ የደረሱ ናቸው። ከቤት ምን ያህል ይራቁ? ጉድጓዱስ ስንት በስንት ይሁን? በበጋ ምን ያህል ውሃ ይበቃል? በተጨማሪ አምና የተተከለ አንድ ጽድ ቅጠሉ ቡናማ እየሆነ ነው፤ ምን ይሆን?

የመደብ ሰው

ከሁሉ በፊት ችግኙ በእርግጥ የሐበሻ ጽድ መሆኑን ያረጋግጡ። «ጽድ» ተብሎ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ሆኖ ይገኛል። የሐበሻው ችግኝ ቅጠሉ ሹል ነው፣ ሲጨብጡት መዳፍ ይወጋል፤ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፎ የሚተኛውን ለስላሳ ቅጠል የሚያወጣው ቆይቶ ነው። የፈረንጁ ቶሎ ይለሰልሳል። እናት ዛፉን ማየት ከቻሉ ጥርጣሬ አይቀርም፦ የሐበሻው ፍሬ ከአተር የማይበልጥ፣ ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ላዩ አመድ የለበሰ ነው። የፈረንጁ ደግሞ እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው የፈረንጁ በፍጥነት ቢያድግም ድርቅንና ክሽክሽን (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የመቋቋም አቅሙ ያነሰ ስለሆነ ነው።

ከፍታው ተስማሚ ነው። ጽድ በአገራችን ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ በደንብ ይበቅላል። ርቀቱን የሚወስኑት ግን የዛሬውን ችግኝ እያዩ መሆን የለበትም፤ የተመቸው ጽድ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከቤት ቢያንስ 12 ሜትር፣ ከኤሌክትሪክ መስመር 15 ሜትር፣ ከጎረቤት አጥር 5 ሜትር፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውሃ ቧንቧ 8 ሜትር ያርቁት። በዛፍና በዛፍ መካከል 8 ሜትር ይተዉ። ቶሎ ደን እንዲመስል ከፈለጉ በ4 ሜትር ተክሎ ቅርንጫፎቹ መነካካት ሲጀምሩ አንድ እያለፉ ማንሳት ይቻላል፤ ማዘግየት ግን አይገባም። በጥላ ምክንያት የደረቀ የታችኛው ቅርንጫፍ ተመልሶ አያቆጠቁጥም፣ ዛፉም እድሜ ልኩን ከታች ራቁቱን ይቀራል።

ሌላው ትልቁ ነገር ውሃ የሚያቁር ቦታ ነው። ጽድ ድርቅን ይችላል፣ የቆመ ውሃን አይችልም። 50 ሳ.ሜ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ ሰርጎ ሲያልቅ ደግመው ይሙሉት። በማግስቱ ውሃው አሁንም ካለ ቦታውን ይተዉት፣ ወይም አፈር ከ30 እስከ 40 ሳ.ሜ ከፍ አድርገው ቆልለው ጉብታው ላይ ይትከሉ። በእርስዎ ግቢ የተዳፋቱ ግርጌ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን።

ዛፍ ተካይ

ስለ ጉድጓዱ፦ 50 በ50 በ50 ሳ.ሜ ይበቃል። ግንቦት ላይ ይቆፈርና ክፍቱን ይቆይ። የላዩን ጠቆር ያለ አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን ቀይ በሌላ ወገን ይለዩ፤ ሲመለስ የላዩ ከሥሩ በኩል ይግባ። ቀይ አፈር እርጥብ ሳለ ከተቆፈረ የጉድጓዱ ግድግዳ ተለቅልቆ ሸክላ ይሆናል፣ ሥሩም ጥሶ መውጣት አቅቶት ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት ግድግዳውን በዶማ ጫፍ ይጫጫሩት።

የሚተከለው ዝናቡ አፈሩን 30 ሳ.ሜ ያህል ዘልቆ ካራሰው በኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይወጣበታል።

ብዙ ጽድ የሚበላሸው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ችግኙን በማለዳ አጠጥተው፣ የፕላስቲኩን ታች ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ በምላጭ ከነአፈሩ ቆርጠው ይጣሉት፤ የተጠቀለለው ሥር ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ጎኑን ቀደው ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ጎትቶ ማውጣት አፈሩን ያፈርሰዋል። የተጠቀለለ ሥር ያለው ጽድ ለዓመታት ደህና መስሎ ያድግና ቁመት ሲያገኝ ነፋስ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ያኔ መድኃኒት የለውም። የሥሩ አንገት (ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት) ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። አፈሩን በእጅ ጫን ጫን፣ በተረከዝ አይርገጡት። ተዳፋት ስለሆነ በታችኛው ወገን ግማሽ ክብ እርከን ይሥሩለት፣ ውሃ እንዲይዝ።

በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ በሁለተኛው በ15 ቀን 20 ሊትር። ከሦስተኛው ጀምሮ ድርቁ ካልበረታ አያስፈልግም። በየቀኑ አንድ ጣሳ ማፍሰስ ሥሩን ላይ ላይ ያስቀረዋል።

አጸደ

ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል። በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ከሆነ ከላዩ አፈር ጋር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላቀል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ብስባሹ እየሟሸሸ ችግኙ ይሰምጣል፣ የሥሩም አንገት ይቀበራል። ከፓቹላ (መርፌ ቅጠል ያለው የውጭ ዛፍ) ሥር አፈር አምጥታችሁ ጨምሩ የሚባለውም ለጽድ አይሠራም። ፓቹላ የሚፈልገው ፈንገስ ሌላ ነው፣ ጽድን የሚረዳው ሌላ። ይጠቅማል ከተባለ ካደገ ጽድ ሥር የተወሰደ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ነው።

ምስጥን በተመለከተ «ጽድ ምስጥ አይበላውም» የሚባለው ስለ ልቡ እንጨት፣ ማለትም ስለ ግንዱ የመሃል እንጨት ነው። ገና ልብ እንጨት ያላበጀ ችግኝ፣ በተለይ ውሃ የተጠማ፣ ይበላል። ምስጥ ባለበት ግቢ አፈሩ ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ጭድ አይሁን፤ የተብላላ ኮምፖስት ወይም ጠጠር ይሻላል። ውፍረቱ እስከ 8 ሳ.ሜ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። ዙሪያውን 1 ሜትር ሣር አይብቀልበት፤ ሣሩ ውሃውን ይሻማል፣ ደርቆ ሲነድ ደግሞ ጽድ እሳት ፈጽሞ አይችልም፣ ቅርፊቱ ስስ ነው። ባሕር ዛፍ ካለ 15 ሜትር ይራቅ።

ደገኛው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቡናማ የሆነው አምና የተተከለው ነው፤ ጫፉ አረንጓዴ ነው፣ የደረቀው ከውስጥና ከታች በኩል ነው። ቅርንጫፉ ሲነካ ይጣበቃል፣ አንዳንዱ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር አለ።

የመደብ ሰው

ሙጭሙጩና ጥላሸቱ አንድ ላይ ካሉ የጽድ ክሽክሽ ነው። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ከውስጥ፣ ጥላ ባለበት፣ ቅርፊቱ ላይ ይፈልጉ፤ ቡናማ፣ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ፣ ተደርድረው የተጣበቁ ያገኛሉ። ጉንዳን ሲመላለስ ካዩም ምልክት ነው። ይህ ተባይ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ጽዶችን ክፉኛ ጎድቷል። ጭማቂውን ከመምጠጡ ባሻገር ምራቁ ቅርንጫፉን ያደርቀዋል፤ ጥቂት ክሽክሽ ብዙ ቅጠል የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

ዛፉ ገና ትንሽ ስለሆነ በእጅ ይደረስበታል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ይሞክሩ። በሁለት ቀን ካልተቃጠለ ሙሉውን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አመሻሽ ላይ፣ ተባዩ እስኪርስ ይርጩ፤ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ቅርፊቱን በጥፍር ይፋቁት፤ ከሥር አረንጓዴ ካለ ይተዉት፣ ቡናማ ከሆነ ይቆረጥ። ተባዩ የሚበረታው በበጋ፣ ውሃ በጎደለው ዛፍ ላይ ስለሆነ ማጠጣቱን አያቋርጡ።

ተባይ ከሌለና የደረቀው የውስጡ አሮጌ ቅጠል ብቻ ከሆነ ግን የተለመደ መርገፍ ነው። ሁሉም ጫፍ እኩል ሲደርቅ የውሃ ጥማት ይጠረጠራል።

ሸጋ ቅጠል

ከዚሁ ጋር፦ ፍሬ ለቅሜ ዘርቼ ነበር፣ አንድም አልበቀለም። ለምን ይሆን?

የመደብ ሰው

የጽድ ዘር ብዙው ባዶ ነው፣ ሙሉውም ቶሎ አይነቃም። ጽድ ወንዱና ሴቷ ዛፍ በአብዛኛው ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የሚለቀመው በአቅራቢያዋ ወንድ ካላት ሴት ዛፍ ነው። የበሰለውን ፍሬ ሌሊቱን ነክራችሁ ከአሸዋ ጋር እሹትና ሥጋውን አስወግዱ። ዘሩን ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት የሚንሳፈፈውን ድፉት፤ የሰመጠው ብቻ ይቀመጥ። እሱን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ60 ቀን አቆዩት። ከዚያ ግማሽ ሳ.ሜ አልብሳችሁ ጥላ ባለው መደብ ዝሩት። አንዳንዱ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንዳንዱ በሁለተኛው ወር ብቅ ይላል፤ መደቡን ቶሎ አትገልብጡት። 4 ሳ.ሜ ሲሞላው ወደ ፕላስቲክ ይዛወር። ከመጠን በላይ ማጠጣት ገና የበቀለውን ከአንገቱ አበስብሶ ይጥለዋል።

አጸደ

አንድ ቀረች፦ መግረዝ። የጽድን ዋና ጫፍ አትንኩ። ጫፉ ለሁለት ከተከፈለ ደካማውን ገና ቀጭን ሳለ ከሥሩ ቁረጡት፤ ሁለት ጫፍ ይዞ ያደገ ጽድ በመንታው ላይ ይሰነጠቃል። የታችኛውን ቅርንጫፍ ለማሳመር ብላችሁ አታንሱት፤ ግንዱን የሚያወፍረውና ሥሩን ከፀሐይ የሚከልለው እሱ ነው። ፍየልና ጥጃ ግቢው ውስጥ ካለ ችግኙ ከሰው ወገብ እስኪያልፍ ድረስ ለየብቻው ይታጠርለት።