የዛጎል ናሙና ዕቅድ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ሳቢያን፦ ረቂቁ ይኸው። ከድሬዳዋ ዙሪያው የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ ብራኪዮፖድና ኦይስተር (ሁለቱም ባለ ሁለት ክዳን ቅርፊት የባሕር እንስሳት) ብቻ ይለቀማል። የኦክስጅን 18 እና 16 (የከባዱና የቀላሉ ኦክስጅን) ምጥጥን አስለክተን የዚያን ባሕር ሙቀት እናሰላለን። አራጎናይት (በቀላሉ የሚለወጥ የኖራ ማዕድን) የነበረ ቅርፊት አይነካ፤ ወደ ካልሳይት (ይበልጥ ወደሚጸናው የኖራ ማዕድን) ሲለወጥ የባሕሩን ምልክት አጥቷል። እጥበቱ በአቼቶ።

ጁገል፦ አቼቶ?! ካልሳይት አሲድ ሲነካው ይፈላል እኮ አቦ። የተጣራ ውሃና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ሳቢያን፦ ብራኪዮፖድ ላይ የሚቆፈረው ውስጠኛው፣ ክር መሳዩ ንብርብር ነው። ውጪው ቢበላ ምን ቸገረን?

ጁገል፦ በስንጥቁ ሰርጎ ይገባል። ስስ ቅርፊት ደግሞ ውስጡም ውጪውም አንድ ላይ ነው የሚሄደው።

ከዚራ፦ ለመሆኑ አቼቶው ከማን ኪስ ነው? ባለፈው የብሩሹ ሒሳብ እስካሁን አልተዘጋም።

መጋላ፦ ስለ አቼቶ ይሄ ሁሉ፣ የተለወጠውን ቅርፊት ስለምንለይበት ማጣሪያ አንድ ቃል የለም! መጀመሪያ 30 ማይክሮን ስስ ቁራጭ ይሠራ። 0.2 ግራም አሊዛሪን ሬድ ማቅለሚያ በ100 ሚሊ ሊትር፣ 2 ግራም ብረት ጠቋሚው ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ በሌላ 100፤ ሁለቱም በ1.5 ፐርሰንት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟሉ። 3 ለ 2 ቀላቅሎ ግማሽ ደቂቃ መንከር። ወደ ሰማያዊ ያደላ ብረት ገብቶበታል፣ ይጣል።

ሳቢያን፦ እሱስ አሲድ አይደል? ሃሃ።

ጁገል፦ የተነከረው ቁራጭ መለኪያው ውስጥ አይገባም! አንብብ እንጂ!

ሳቢያን፦ እሺ በቃ፣ አቼቶው ወጥቷል። መቆፈሪያው 0.5 ሚሊ ሜትር፣ ቀስ ብሎ፤ ለአንድ ልኬት 0.1 ሚሊ ግራም ዱቄት አካባቢ ይበቃል። ለስሌቱ የባሕሩ ውሃ የራሱ ምጥጥን −1 ፐርሚል (ከመደበኛው የባሕር ውሃ በሺህ አንድ ያነሰ) ይያዝ፣ ያኔ ትልቅ የበረዶ ክምር ስላልነበረ።

መጋላ፦ ወንዝ የሚገባበት ዳርቻ ከነበረስ? ጨዋማነቱ ሲቀንስ ምጥጥኑም ይወርዳል፤ 1 ፐርሚል ብትስት 4 ዲግሪ ያህል የውሸት ሙቀት ነው።

ከዚራ፦ ቁፋሮውን እይዛለሁ ያለው ልጅ የታለ? ስልኩም አይነሳ። ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር ቅሪተ አካል ከአገር አይወጣም። እስከዚያ በመዋጮው ለትምህርት ቤቱ የመስታወት ቁም ሣጥን እንግዛ።

መጋላ፦ ቁም ሣጥንና የባሕር ሙቀት ምን አገናኘው?

ሳቢያን፦ ብሩ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ እኔም እስማማለሁ። ልኬቱ በሦስተኛው ረቂቅ ይግባ።

ጁገል፦ ይሁን፣ ግን እያንዳንዱ ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር እንደወጣ ቁጥር ይጻፍበት። በኮሬክተር ቀለም።

ከዚራ፦ በኮሬክተር? ያስጠላል! በወረቀት ይለጠፍ።

ጁገል፦ ወረቀት ይረግፋላ።