በጀቱ ጸድቆ ስንዴው ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት የምግብ እርዳታ በጀት ጸደቀ ከተባለ በኋላ እህሉ ወረዳ መጋዘን እስኪገባ ወራት ይቆጠራል። የሚይዘው ምንድን ነው? ገንዘቡን ሰጥተው እዚሁ ቢገዛስ?

መልስ 1፦
በጀት ጸደቀ ማለት እህል ተገዛ ማለት አይደለም። «ምግብ ለሰላም» የሚባለው ፕሮግራም ገንዘቡን የሚያገኘው ከእርሻ በጀት ሕጉ ነው፤ ስለዚህ በዋናነት የአሜሪካ ገበሬ ያመረተው እህል ይገዛበታል። ጨረታው አለ፣ እህሉን ወደ ወደብ ማድረሱ አለ፣ መርከብ መፈለጉ አለ። ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ ባንዲራ መርከብ እንዲጫን ሕጉ ያስገድዳል፤ እነዚህ መርከቦች ደግሞ ጥቂትና ውድ ናቸው። ጅቡቲ እስኪደርስ ከ4 እስከ 6 ወር ያዙለት። የበጀት ዓመታቸው የሚከፈተው በእኛ መስከረም 20 ገደማ ነው። ኮንግረሱ ሳይስማማ ቆይቶ መጋቢት ላይ ቢያጸድቅ እህሉ ጅቡቲ የሚደርሰው ነሐሴ ላይ ነው። ጎተራ የሚራቆተው ግን ከሰኔ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከብሩ መጠን በፊት የጸደቀበትን ወር እዩ።

መልስ 2፦
ከጅቡቲ ወዲህም ሌላ ጣጣ አለ። 30,000 ቶን የጫነ መርከብ በ40 ቶን ተሳቢ 750 ጉዞ ይፈልጋል፤ ማዳበሪያ በሚገባበት ወቅት ከደረሰ መኪና የለም። ያ ሁሉ ስንዴ በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ ሲታደል ለ2 ሚሊዮን ሰው የአንድ ወር ቀለብ ነው።

መጋዘን ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ተሳቢ 800 ጆንያ ይጭናል። በጉዞ ሰነዱ 800 ተብሎ 794 ከወረደ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ላይ የሚጻፈው 794 ነው፤ ሹፌሩም ጉድለቱን አምኖ ይፈርም። የተቀደደውን በትርፍ ጆንያ ገልብጣችሁ፣ መዝናችሁ ለብቻ መዝግቡ። እደላ ላይ 50 ኪሎው ለሦስት ሰው ይበዛል፣ ለአራት አይበቃም። አሥር አሥር ሰው አቧድናችሁ ሦስት ሦስት ጆንያ ስጡ። በጣሳ መስፈር ከተጀመረ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ይጎድልበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ እነሱ አዛውንትና ነፍሰ ጡር ናቸው።

መልስ 3፦
እዚሁ መግዛቱ መኸር ገብቶ ታኅሣሥና ጥር ላይ ያዋጣል። ሰኔ ላይ ብዙ ከተገዛ ግን ዋጋው ንሮ እርዳታ የማይደርሰውን ደሃ ይጎዳል። ብር በእጅ መስጠትም ገበያው እህል ካለው ጥሩ ነው። በሴፍቲኔት የቀን ክፍያው የ3 ኪሎ እህል ዋጋ እንዲያክል ነው የታሰበው፤ የወር 5 ቀን ሥራ 15 ኪሎ ይሆናል። እህል ተወዶ ክፍያው ካልተስተካከለ ያው 5 ቀን ተሠርቶ 9 ወይም 10 ኪሎ ብቻ ይገዛል። ስለዚህ ገበያውን በየወሩ አጥኑ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀድሞ ጅቡቲ ማከማቸትስ?

መልስ 1፦
ይደረጋል፤ የባሕሩን ወራት ያስቀራል። ግን የማጓጓዣና የማከፋፈያ ገንዘብ አብሮት ካልተያዘ እህሉ ከመጋዘን አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ በጅቡቲ፣ በደርባን፣ በዱባይና በሂውስተን የተከማቸው ምግብ ለወራት የቆመው ለዚህ ነው። እርዳታ ስትጠይቁ የእህሉንና የመንገዱን ወጪ በአንድ ማመልከቻ አስገቡ።