የሱ ጫት፣ የኔ ስልክ፦ የጭንቀት ማስተንፈሻችን ጤነኛ መሆኑን በምን እንወቅ?

የታይዋን ባለሱቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ትንሽ የልጆች ልብስ ሱቅ አለችኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቤታችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቶ አልበርድ ብሏል። ባሌ ትራንዚት ቢሮ ነው የሚሰራው። ጂቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ሁሉ የሱ ጥፋት ነው። ዕቃው በዘገየ ቁጥር ባለንብረቱ የሚደውለው ለሱ ነው። እራት ላይ እንኳን ስልኩ ይጮሃል። ታዲያ ከሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙቀት ሲዘጋጋ፣ ጓደኞቹ ጋ በርጫ ይቀመጣል። "ጭንቀቴን የማራግፍበት ሌላ ምን አለኝ?" ነው የሚለው። ሲመጣ መርቅኖ ነው። ቤት ሰርቶ፣ መኪና ገዝቶ፣ እኔን ዱባይ ልኮ ነው የሚገባው። ማታ ግን እንቅልፍ የለም። ጠዋት ደግሞ ፊቱ አይታይም። ልጆቹ "አባዬ" ሲሉት እንደ ዕዳ ጠያቂ ነው የሚያያቸው።

ይሄን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺስ?" አለኝ።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ገበያው ከቀዘቀዘ ሰንብቷል። የሱቅ ኪራይ ጨምሯል። የእቁብ ቀን ሲደርስ ሆዴ ይላወሳል። ልጆቹ ሲተኙ በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፌ፣ ስልኬን ይዤ ቲክቶክ እገባለሁ። "ትንሽ ልይና ልተኛ" ብዬ ነው። ቀና ስል ሌሊቱ ተጋምሷል። በጣም የከፋኝ ቀን ደግሞ በእኩለ ሌሊት ቁምሳጥኑን ገልብጬ ልብስ እንደ አዲስ አጥፋለሁ። የታጠበ ወለል መልሼ አጥባለሁ። ባሌ ታዲያ "የኔ ጫት፣ ያንቺ ስልክና መወልወያ፣ ምን ይለየናል?" አለ። እኔም መልስ አጣሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ጤነኛው ማስተንፈሻ ጤነኛ ካልሆነው በምን ይለያል? "ስፖርት ስሪ፣ ውሃ ጠጪ" የሚለውን ተዉልኝ። ድሬ ላይ በግንቦት ከሰዓት ስፖርት የሚሰራ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም።

ባጃጅ ሳቢያን

አቦ እህቴ፣ አሳቅሽኝ። ግን ሰውዬሽ ላይ አትፍረጂ። ከሳቢያን ከዚራ ስመላለስ ነው የምውለው። በርጫ ላይ ያለው ቅጠሉ ብቻ እንዳይመስልሽ። የባጃጄ ሞተር የወረደ ጊዜ ያቆሙኝ የበርጫ ልጆች ናቸው። አንዱ በዱቤ የሚሰራ መካኒክ አገናኘኝ፣ ሌላው የእቁብ ዕጣውን ለቀቀልኝ። ቤት ብቀመጥ ኖሮ ወላሂ ግድግዳ እያየሁ አብድ ነበር። ወንድ ልጅ ችግሩን የሚያወራበት ሌላ ቦታ ካለ እስቲ አሳዪኝ።

የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጠዋት ሳይቅም ከአልጋ የማይወርድ ሰው አለ። ኢጃባና (የጠዋት ጫት) የለመደ ሰው ጭንቀት ለማራገፍ አይደለም የሚቅመው፣ ሀራራውን ለማባረር ነው። ከዚያ የሚብሰው ጨብሲ ነው። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ፣ የቢራውን ድካም ለማባረር ደግሞ ጠዋት ጫት። እዚህ ዙር ውስጥ የገባ ጓደኛ አለኝ። ባጃጁን ሸጦ ዛሬ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ባልሽ ጨብሲ ከሌለበት ገና ነው፣ አትፍሪ።

ሲስተር ከሐረር

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። "ገና ነው" በሚለው ላይ ከባጃጁ ወንድሜ ጋር አልስማማም። ያነሳው ነገር ግን ለጥያቄሽ መልስ ይሆናል።

ጫትና ስልክ ከማወዳደርሽ በፊት ይሄን እዪ። ከነገሩ ስትነሺ ያስጨነቀሽ ጉዳይ የት ደረሰ? ባልሽ ከበርጫ ሲነሳ ኮንቴይነሩ እዚያው ጂቡቲ ነው። እሱ ደግሞ በላዩ ላይ እንቅልፍ አጥቷል። አንቺም ከቲክቶክ ስትወጪ እቁቡ አልተከፈለም። የባጃጁ ልጅ ግን ሞተሩ ተሰርቶለታል። ያው በርጫ ነው፣ ሥራውን የሰራው ግን ወሬው ነው። ቅጠል ባይኖር ኖሮም መካኒኩ ይገኝ ነበር።

ስለ ቅጠሉ ትንሽ ልበል። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ነው። እሱም ልብ ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይዘጋል። ሰውዬው "ቀለለኝ" ሲል ልቡ ሩጫ ላይ ነው ማለት ነው። (ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ያጣል። የአወዳይ ጫት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው።) ምርቃናው ሲወርድ ድብርትና ብስጭት ይመጣል። ጠዋት ልጆቹ የሚያዩት ፊት አባታቸው ስለጠላቸው የመጣ እንዳይመስላቸው። እንቅልፍ ያጣና ጫቱ የወረደበት ሰው ፊት ነው።

ስልኩ ደም ውስጥ እንደ ጫት አይገባም። እንቅልፍሽን ግን ይወስዳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ትንሿ ነገር ትገዝፍበታለች፣ ደንበኛ "ቀንሺ" ሲለው የተሰደበ ይመስለዋል። ማጽዳት በራሱ ምንም ክፋት የለውም። ሰውነት ይንቀሳቀሳል፣ የጀመርሽው ሲያልቅ ታያለሽ። ቀን ላይ ብታደርጊው እኔም አደንቅሽ ነበር። በእኩለ ሌሊት የታጠበ ወለል ማጠብ ግን ሌላ ነገር እንዳታስቢ የምትሸሺበት ነው።

ታካሚዎቼን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ሳትጣላ አንድ ቀን መተው ያቅትሃል? ከሚስትህ ትደብቀዋለህ? በፊት የሚበቃህ ዛሬ አልበቃ ብሎሃል? የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነክቷል? ሁለቱ ላይ "አዎ" ያለ ሰው፣ ነገሩ ጫትም ይሁን ስልክ፣ ሥራም ይሁን መጠጥ፣ ቁጭ ብሎ ያስብበት።

አሁን ወደ ሥራው። ያስጨነቀሽን ወረቀት ላይ ጻፊና ለሁለት ክፈዪው። አንዱ እጅሽ ያለበት ነው። የእቁብ ዳኛዋን ወደ ግማሽ ዕጣ ልውረድ ብለሽ ልትጠይቂያት ትችያለሽ። ባልሽም ባለንብረቶቹ እስኪደውሉ ከሚጠብቅ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት እሱ ይደውልላቸው፣ "ዛሬም አልወጣም" ለማለትም ቢሆን። የሰው ንዴት ግማሹ ዝም ስለተባለ የሚመጣ ነው። ሌላው እጃችሁ የሌለበት ነው፦ ሙቀቱ፣ የዶላር ዋጋ፣ መርከቡ። እዚህ ላይ የሚቀረው ሰውነትን ማብረድ ነው። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አየር አስገቢ፣ ካስገባሽበት ረዘም አድርገሽ አውጪ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ትንፋሽ ሲረዝም ልብ ቀስ ይላል። ቡናም ከአስር ሰዓት በኋላ ተዪ። ከጠጣሽው ካፌን ግማሹ ከደም ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አብዛኛውን ቀን የሚከፋው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው፣ ምግብና እንቅልፍ የራቀው ሰው ካለ ጉዳዩ ከተራ ጭንቀት አልፏል፣ ይታይ። ቅሞ ድምፅ የሚሰማ ወይም "ይከታተሉኛል" የሚል፣ "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሰው ደግሞ የዚያኑ ቀን ይሂድ። ድሬ ድል ጮራ፣ እኛ ጋ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ማንም "እብድ" ብሎ አይመዘግባችሁም።

ጡረተኛው መምህር (ሐረር)

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ጫቱ ላይ ተረባረባችሁ። ቡናውንስ?

እኛ ጡረተኞች ፈረስ መጋላ አካባቢ አንድ ቡና ቤት አለን። በየጠዋቱ ስለ ጡረታ ብር ማነስ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለማይደውሉ ልጆች እናወራለን። ትናንት ያልነውን ዛሬም እንላለን። ማንም ቀልሎት አይነሳም። ሲስተር ወሬው ነው የሰራው አለች፣ ልክ ናት። መካኒክ የማያመጣ ወሬም ግን አለ። እኔ አሁን አንዱ ችግሩን ሲያወራ ከጨረሰ በኋላ "ታዲያ ነገ ምን ታደርጋለህ?" እለዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጡኝ። አንዱ እስካሁን አያናግረኝም፣ ሌሎቹ ግን ለምደውታል። መልስ ከሌለ ወሬ እንቀይራለን፣ ኳስ እናወራለን።

ጸሎትም ያው ነው፣ አትቆጡኝ። ቁልቢ በእግሬ ሄጃለሁ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ሕዝቡ መሀል ሆኜ ያገኘሁትን ሰላም ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። ግን ስለት ተስሎ የብድሩን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ጎረቤትም ነበረኝ። ገብርኤል ሸክም ያቀላል፣ ብድሩን የሚቀበለው ግን ባንኩ ነው።

ስፖርት ለምትፈሪው ልጄ፣ በማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ውጪ። እኔ የጁገልን ግንብ በውጭ በኩል እዞረዋለሁ። ከሸዋ በር ተነስቼ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር አድርጌ እመለሳለሁ። ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጉልበቴ በቂ ነው። ኤረር በር ጋ ከገጠር ገበያ የሚገቡ ሴቶች ጀርባቸው ላይ እንጨት ተሸክመው ሰላም ይሉኛል። የነሱን ሸክም እያየሁ ስለ ጡረታ ማማረር ስለሚያሳፍረኝ ዝም ብዬ እሄዳለሁ።

የታይዋን ባለሱቅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባሌም አንብቦታል። የባጃጁን መልስ ደጋግሞ ነው ያነበበው፣ የሲስተርን ግን "ኔትወርክ አስቸገረኝ" ብሎ ዘሎታል። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

የእቁብ ዳኛዋን አናገርኳት። ትንሽ አጉረመረመች፣ ግን ግማሽ ዕጣ ተስማማን። ስልኩ ላይ ደግሞ ቻርጀሩን ሳሎን አድርጌዋለሁ። ባትሪው ሲያልቅ በረንዳው ላይ ከኮከብ ጋር እቀራለሁ፣ ያኔ እንቅልፍ ይመጣል። ትንፋሹን ሱቅ ውስጥ ስሞክረው አንዲት ደንበኛ "እህቴ፣ አስም አለብሽ እንዴ?" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ውሃ ፈለገችልኝ። ጋሼ፣ የማለዳውን እግር ጉዞ ከልጆቹ ጋር ልጀምረው ነው፣ ከትምህርት ቤት በፊት።

የባሌ ጉዳይ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶታል። ሳይቅም የተኛ ሌሊት ዱካክ ያዘው። "ደረቴ ላይ ተቀምጦ አነቀኝ" እያለ በላብ ተነሳ። አማቴ ደግሞ "ተዪው ይቃም፣ ካልቃመ ያንቀዋል" ትላለች። እውነት ነው ሲስተር?

ሲስተር ከሐረር

እናቲቱ ያለችው ብዙ ቤት ይባላል። ዱካክ የሚመጣው ለወራት እንቅልፍ የተነፈገ አእምሮ ጫቱ ሲቀርበት በከባድ ሕልም ስለሚካካስ ነው። ያስፈራል እንጂ አያንቅም። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በአንዴ መተው ከከበደው መጠኑን ይቀንስ፣ ሰዓቱንም ወደ ቀትር ያምጣው፣ እስከ ማታ አይጎተት። ጓደኞቹን አይተው፣ የሚጠጣውን ሆጃ ይዞ ይቀመጥና ቀደም ብሎ ይውጣ። ሌሊት እንቅልፍ ለማምጣት ቢራ አይጠጣ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የእንቅልፍ ክኒንም ከመድኃኒት ቤት አይግዛ። ዱካኩ ሳይቀል ከቆየ ይምጣና እንየው። የደም ግፊቱን ደግሞ በዚሁ ሳምንት ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ያስለካ።

ባጃጅ ሳቢያን

ጤና ጣቢያ እኔ በነፃ አደርሰዋለሁ። መልሱን ግን ይከፍላል አቦ።