ከኬፕታውን ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) በኤን1 አውራ ጎዳና በመኪና፣ የት ጋ ማደር ይሻላል?

የኬፑ፦
ሰላም ወገኖች፣ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ጆበርግ ልወጣ ነው፣ እቃ ስላለን በመኪና ብለናል። 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ይገፋል ወይስ ይታደር? ሙቀቱን ለመሸሽ በሌሊት ንዳ የሚሉኝም አሉ።

ባለተሳቢ፦
ሌሊቱን እርሳው ወንድሜ!! ካሩ የሚባለው ደረቅ ሜዳ ውስጥ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መታጠፊያ የለ ከተማ የለ፣ ዓይንህ እንደተከፈተ ጭንቅላትህ ይተኛል፣ ቦፎርት ዌስት አካባቢ ያ ሁሉ ሰው የሚያልቀው በእንቅልፍ ነው። ሲመሽ ደግሞ አጋዘን አጥር ዘሎ ከች ይላል። 11 ሰዓት ሳይነጋ ውጣ፣ ረፋድ ላይ ቦፎርት ዌስት ነህ፣ ኮልስበርግ እደር፣ ከግማሽ በላይ ጨረስክ ማለት ነው። ዲሴምበር ከሆነ ማደሪያውን ቀድመህ ያዝ፣ አገሩ ሁሉ እዛ ነው የሚያድረው።

ሚሚ፦
ልጆች ካሉ እኔ ትሪ ሲስተርስ ጋ ወደ ሌላው አውራ ጎዳና ወደ ኤን12 ታጠፉ ነው የምለው፣ በኪምበርሌይ አድርጎ ጆበርግ ያስገባል፣ ቶሉም (የመንገድ ክፍያው) ያንሳል። ድሮ አልማዝ ሲቆፈርበት የነበረውን ትልቅ ጉድጓድ ያዩላችኋል። ግን በየከተማው መሃል ስለሚያልፍ ያዘገያል።

ባለተሳቢ፦
ሚሚ ልክ ነሽ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ኤን1 ይሻላል፣ ማደያውም ብዙ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባለው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ከፊትህ ካለ ከኋላው አትጣበቅ፣ ሾፌሩ መንገዱ ክፍት ሲሆን ከመንገዱ ዳር ካለው ቢጫ መስመር ወጥቶ ያሳልፍሃል፣ አልፈህ አራቱንም ፍሬቻ ብልጭ አድርገህ አመስግነው፣ እሱም በመብራት ይመልስልሃል፣ እዚህ አገር እንደዛ ነው ወጉ። ሆኖም እንዳሳለፈህ አምነህ ዝም ብለህ አትውጣ፣ ራስህ እይ። ቢጫውን አልፎ መንዳት በህግ የሚፈቀደው በቀን ብቻ ነው፣ ሌሊት አትንዳ ያልኩህ ለዚህም ነው። ከሌንግስበርግ እስከ ቦፎርት ዌስት ያለው ካሜራ ደግሞ አማካይ ፍጥነት ነው የሚያሰላው፣ ካሜራው ጋ ብቻ ፍሬን መያዝ አያድንህም፣ 120ህን ጠብቅ።

የኬፑ፦
ተባረኩ፣ ኮልስበርግ ይሁን በቃ። መንገዱ ላይ ያለው የሁጉኖው ዋሻስ ግዴታ ነው? ሚስቴ ዋሻ ትፈራለች 😅

ሚሚ፦
አይደለም፣ 1988 ዋሻው ሳይከፈት በፊት ሰው የሚሄድበት የዱቶይትስክሉፍ ተራራ መንገድ አሁንም አለ፣ ቶል የለውም፣ እይታው ግሩም ነው፣ ጠመዝማዛ ስለሆነ ግን ልጆቹን ቁርስ ሳታበሉ እለፉ። ዋሻውም ቢሆን 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ዓይኗን ትጨፍን። ጆበርግ ስትገቡ ደግሞ ከላይ የተሰቀሉትን የኢቶል (መኪና ሳይቆም ያስከፍል የነበረው ቶል) ካሜራዎች አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ በ2024 ቀርቷል፣ የሚከፈለው በር ያለው ቶል ብቻ ነው።